ፈረሰኛ

«ፈረሰኛ» ሲሉት ቀላል ቃል ነው፦ ፈረስ የሚጋልብ፣ በተለይም በፈረስ ላይ ሆኖ የሚዋጋ። በአውሮፓ ሥዕልና ሥነ ጽሑፍ ግን ከዚህ የከበደ ነገር ተሸክሟል። የፈረንሳይኛው «ሸቫልዬ» እና የስፓኒሹ «ካባዬሮ» ከፈረስ ስም የወጡ ናቸው። የእንግሊዝኛው «ናይት» ግን በጥንቱ አነጋገር ልጅ፣ አገልጋይ ማለት ነበር። ይህን ሁለተኛውን ሥር አብልጬ እወደዋለሁ፤ ፈረሰኛው ጌታ ከመባሉ በፊት አገልጋይ እንደነበረ ይናገራልና።

ጀርመናዊው አልብሬሽት ዱረር በ1513 እ.ኤ.አ. መዳብ ላይ የቀረጸውን ፈረሰኛ ልብ ብላችሁ እዩት። ጥሩር ለብሶ፣ ጦሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይጓዛል። ከጎኑ እባብ የተጠመጠመበት ሞት የአሸዋ ሰዓት ያሳየዋል። ከኋላው የእሪያ አፍንጫ ያለው ዲያብሎስ ይከተለዋል። ውሻው ከፈረሱ ጋር ይሮጣል። ሰውየው አንዳቸውንም ዞር ብሎ አያይም፤ የቃሉ ክብደት ያለው እዚህ አለማየቱ ውስጥ ይመስለኛል።

ስፓኛዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ በ1605 እ.ኤ.አ. «ዶን ኪሆቴ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያወጣ የእነዚህ ፈረሰኞች ዘመን አልፎ ነበር። ጀግናው የጸጉር አስተካካይ ሳህን እንደ ራስ ቁር ይደፋል። ያስቃል፤ ለተበደለ ለመድረስ መነሳቱ ግን እውነተኛ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፈረሰኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በብዙዎቹ ላይ እግሩ ባዶ ነው፤ እርካቡንም የያዘው በአውራ ጣቱ ብቻ ነው። ሠዓሊው ሰማዕቱን እንደ አገሩ ጋላቢ አድርጎ ሥሎታል።