ከነፍስ ዳቦ እስከ ከረሜላ፤ የሃሎዊን ስጦታ ታሪክና የአያቶች ጓዳ

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይላል ያገራችን ተረት። የኦክቶበር ወር ሊያልቅ ሲል ይህ ተረት በአሜሪካ በሚገኙ ብዙ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ውስጥ እውነት ይሆናል። የልጅ ልጆቿን ልትጠብቅ ከአገር ቤት የመጣች አያት በመስኮት ስትመለከት፣ በጎረቤት ደጅ አጽም ተሰቅሎ፣ በሣሩ ላይ የመቃብር ድንጋይ ተተክሎ፣ ዱባ ዓይንና ጥርስ አውጥቶ ታያለች። «በስመ አብ! ይሄ ደግሞ የምን ጉድ ነው?» ብላ ታማትባለች። የልጅ ልጇ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ ያስረዳታል፤ የሚያስፈራ ልብስ ይለበሳል፣ የሰው በር ይንኳኳል፣ ከረሜላ ይሰበሰባል። የአያትየዋ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ለመሆኑ ይህ በዓል ከየት መጣ? ጣፋጩስ ለማያውቁት ሰው ልጅ የሚሰጠው ስለምንድን ነው?

መልሱ ሲፈለግ የሚገኘው ነገር ያስገርማል። በበር ላይ የሚታደለው ስጦታ በጥንቱ ዘመን ከረሜላ አልነበረም፤ ዳቦ ነበር። ዳቦውም ይሰጥ የነበረው ለሙታን ነፍስ ጸሎት እንዲደረግ ነው። ይህ ደግሞ ለኢትዮጵያዊት አያት ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ

ክርስትና ከመግባቱ በፊት በአየርላንድና በስኮትላንድ ይኖሩ የነበሩት የኬልት ሕዝቦች «ሳዊን» የሚባል በዓል ነበራቸው። በዓሉ የሚውለው ኖቬምበር 1 ቀን ሲሆን የሚጀመረው ግን በዋዜማው ምሽት ነው። ጊዜው አዝመራ ተሰብስቦ የሚያበቃበት፣ ከብቶች ከሩቅ ግጦሽ ወደ በረት የሚመለሱበት፣ ረጅሙ የብርድና የጨለማ ወራት የሚጀምርበት ነበር። በዚያች ሌሊት በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው ድንበር ይሳሳል ተብሎ ይታመን ስለነበር ሰዉ እሳት ያነድ ነበር።

በኋላም የሮም ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ወቅት የራሷን በዓላት ሠራች። በ8ኛው መቶ ዓመት የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 3ኛ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ የሚሆን የጸሎት ቤት አቆሙ። በ9ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሆኖ በምዕራብ አውሮፓ እንዲከበር ተደረገ። ወደ 1000 ዓመት ገደማ በፈረንሳይ አገር የክሉኒ ገዳም አበምኔት የነበሩት ኦዲሎ በማግስቱ ኖቬምበር 2 ቀን ለሙታን ሁሉ ጸሎት እንዲደረግ ሥርዓት አወጡ፤ ይህም ከገዳሙ አልፎ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ተስፋፋ። «ሃሎዊን» የሚለው ስም ራሱ «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ከሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር ያጠረ ነው።

እንግዲህ በዓሉን «ከጥንትም የሰይጣን ነው» ብሎ መደምደም ታሪኩን በግማሽ መተው ነው። «ዝም ብሎ የልጆች ጨዋታ ነው» ማለትም እንዲሁ ግማሹን መተው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በዚያ ቀን የሚውል የቅዱሳን ሁሉ በዓል የለም፤ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን፣ ጴንጤዎችና ሙስሊሞችም ልጆቻቸውን ከዚህ በዓል ያርቃሉ። ያ የየቤቱ ውሳኔ ነው። የዳቦው ታሪክ ግን ለሁሉም የሚነገር ነው።

የነፍስ ዳቦ

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የሙታን መታሰቢያ ሲደርስ እናቶችና አያቶች ትንንሽ ክብ ዳቦዎች ይጋግሩ ነበር። ቅመም ይገባበታል፣ ዘቢብ ይጨመርበታል፣ ብዙ ጊዜም ከላዩ ላይ የመስቀል ምልክት ይደረግበታል። ስሙም «የነፍስ ዳቦ» ይባል ነበር። ድሆችና ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይዘምራሉ፤ ባለቤቱም ዳቦውን ይሰጣቸዋል፤ እነሱም በምላሹ ለዚያ ቤት ሙታን ይጸልያሉ። አንድ ዳቦ በተበላ ቁጥር አንዲት ነፍስ ከሥቃይ ታርፋለች የሚል እምነትም ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ወደ ፕሮቴስታንት ሃይማኖት ስትዞር ለሙታን መጸለይ ቢከለከልም፣ ልጆች እየዘመሩ ዳቦ የመለመናቸው ልማድ ግን እንደ ሽሮፕሽርና ቼሽር ባሉ የገጠር አውራጃዎች እስከ 19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ ቆይቷል።

ይህን የምታነብ ወይም ሲነበብላት የምትሰማ ኢትዮጵያዊት እናት «ታዲያ ይሄማ ተዝካር ነው!» ብትል አትሳሳትም። የሞተ ሰው በአርባ ቀኑና በሙት ዓመቱ ሲታሰብ ድሃ ይበላል፣ ካህናት ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ «ነፍስ ይማር» ይባላል። በሙስሊሙም ቤት ለሟች ሰደቃ ይወጣል። በየደጁ እየዞሩ መዘመሩስ? ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ እናቶች ሙልሙል ዳቦ ጋግረው አይጠብቋቸውም ነበርን? ሁለቱ ልማዶች ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ ከሌላው አልተወረሰም። ነገር ግን የጨለማ ወራት ሲገባ ወይም ሲወጣ፣ ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲዘምር፣ ቤት ያፈራውን ዳቦ መስጠት በሁለቱም አገር የተከበረ ነገር ነበር።

ከረሃብ የሸሹ ስደተኞች

ሃሎዊንን ወደ አሜሪካ ያመጡት በአብዛኛው ስደተኞች ናቸው። በ1845 የአየርላንድ ሕዝብ ዋና ምግብ የነበረውን ድንች በሽታ መታው። እስከ 1852 በቆየው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ኒውዮርክ፣ ወደ ቦስተንና ወደ ፊላደልፊያ ገቡ። ንብረት አልያዙም፤ የአያቶቻቸውን ተረትና የበዓል ምግብ ግን በልባቸው ይዘው መጡ። የረሃብንና የስደትን ነገር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በአገራቸው ለዚያ ምሽት የሚጋገረው «ባርምብራክ» የሚባል ዘቢብ የበዛበት ዳቦ ነበር። አያት ሊጡ ውስጥ ቀለበትና ሳንቲም ትደብቃለች። ዳቦው ሲቆረስ ቀለበት የደረሰው ያገባል፣ ሳንቲም የደረሰው ይከብራል እየተባለ ይሳቃል። ድንችና ጎመን አብሮ ተቀቅሎና ተፈጭቶም ይቀርባል። ልጆች «ተርኒፕ» የሚባለውን ክብ የመሬት ውስጥ ሥር ፈልፍለው፣ ፊት ቀርጸውበት፣ በውስጡ ሻማ ያበሩ ነበር።

አሜሪካ ሲደርሱ ከተርኒፕ ይልቅ ለመፈልፈል የሚቀለውን ዱባ አገኙ። ዱባ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው ከኮሎምበስ የ1492 ጉዞ በኋላ ነው። ዛሬ በአገር ቤት የዱባ ወጥ የሚሠራበት ዱባም ዘሩ ሲቆጠር ከዚሁ ከአሜሪካ የሄደ ነው። አያትየዋ በጎረቤት ደጅ ጥርሱን ገጦ ያየችው ዱባ እንግዳ መስሏት ነው እንጂ የድሮ ወዳጇ ኖሯል።

ከምድጃ ወደ ፋብሪካ

በአሜሪካ ከተሞች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሃሎዊን የጎረምሶች የረብሻ ሌሊት ሆኖ ነበር። መስኮት ይሰበራል፣ አጥር ይነቀላል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ችግር ጊዜ ረብሻው ስለባሰ ወላጆችና የሰፈር ማኅበራት ልጆቹን በግብዣና በጣፋጭ ማባበል ጀመሩ። «ትሪክ ኦር ትሪት» ማለትም «ወይ ስጡን፣ ወይ እናስቸግራችኋለን» የሚለው አባባል የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ስኳር በራሽን ሆነና ልማዱ ቀዘቀዘ። ራሽኑ በ1947 ሲነሣ ግን እንደገና ጎረፈ። በ1950 አንድ የፊላደልፊያ ፓስተርና ባለቤታቸው ልጆች በዚያ ምሽት ከረሜላ ብቻ ሳይሆን ለተቸገሩ ሕፃናት ገንዘብ እንዲለምኑ ያስጀመሩት ሥራም ለዩኒሴፍ የሚደረግ ትልቅ ልማድ ሆነ።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከየበሩ የሚሰጠው ስጦታ አሁንም ብዙው የእጅ ሥራ ነበር፤ በስኳር የተጣበቀ የፈንዲሻ ኳስ፣ በቀለጠ ስኳር የተነከረ ፖም፣ ብስኩት። አያቶችም ዋና ሠሪዎች ነበሩ። ይህን ልማድ የገደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የከረሜላ ፋብሪካዎች በትንንሹ የተጠቀለለ ርካሽ ጣፋጭ በብዛት አቀረቡ። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በ1974 በቴክሳስ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ መርዝ የተደረገበት ጣፋጭ በልቶ ሞተ። በ1982 ደግሞ በቺካጎ አካባቢ መርዝ የገባበት የራስ ምታት መድኃኒት ሰባት ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች ያልታሸገ ነገር ሁሉ መጣል ጀመሩ።

ነገር ግን እውነቱ ሲመረመር፣ የቴክሳሱን ልጅ የገደለው የማያውቀው ጎረቤት አልነበረም። የኢንሹራንስ ገንዘብ የፈለገ የገዛ አባቱ ነበር፤ በ1984ም በሞት ተቀጣ። ጆኤል ቤስት የተባሉ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ከ1958 ወዲህ ያሉትን ወሬዎች መርምረው፣ በሃሎዊን ምሽት ከማያውቀው ሰው በተቀበለው በተመረዘ ጣፋጭ የሞተ ልጅ ማግኘት አልቻሉም። ሆኖም ፍርሃቱ ሥራውን ሠርቶ አልፏል። የአያት ዳቦ ከበር ላይ ጠፋ፤ የፋብሪካው ከረሜላ ወረሰው።

በአያት ጓዳ

ስለዚህ ዛሬ በር ለሚያንኳኳ ለሰው ልጅ የታሸገውን መስጠት ይሻላል፤ የቤት ሥራ ቢሰጡት ይጣላልና። በቤት የተሠራው ለቤት ልጆችና ለሚተዋወቁ ቤተሰቦች ነው። በዚህ ደግሞ የኢትዮጵያዊት አያት ጓዳ ከማንም አያንስም።

ፈንዲሻ ለቡና ቁርስ የማታውቅ አያት የለችም። ስኳር ከጥቂት ውሃ ጋር እየፈላ ወፍሮ ሲያጣብቅ በፈነዳው ፈንዲሻ ላይ ይፈስሳል። ትኩሱን ስኳር ትልቅ ሰው ብቻ ይያዘው፤ ያቃጥላል። ለብ ሲል ልጆች እጃቸውን ዘይት ቀብተው ያድቦለቡሉታል፤ በዘቢብ ዓይን ሲያደርጉለት የራስ ቅል ይመስላል። ከአራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ግን ፈንዲሻ ሊያንቃቸው ስለሚችል አይሰጣቸውም። ዱባው ሲፈለፈል ፍሬው አይጣልም፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጨው ነክቶት በምጣድ ቢቆላ ቆሎ ነው። ለፋኖስ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውሃ ስለሚያበዛ ለወጥ ትንሹና ጠንካራው ይመረጣል።

ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ደግሞ «የጠንቋይ ጣት» የሚባለው ብስኩት ነው። ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ይታሻል፤ ሊጡ እንደ ጣት ይድቦለቦላል፤ መጋጠሚያው በቢላ ጀርባ ጫን ጫን ይደረጋል፤ ጫፉ ላይ አልመንድ የሚባለው የፈረንጅ ለውዝ እንደ ጥፍር ይሰካል። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ በዘቢብ ይተካል። የጠንቋይ ስም ቅር ያላት አያት ካለች ያንኑ ሊጥ ክብ አድርጋ፣ ቅመም ጨምራ፣ ከላይ መስቀል ብታደርግበት ጥንታዊው የነፍስ ዳቦ ይሆንላታል። ኦክቶበር 31 ቀን በአገራችን አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ የእመቤታችን ቀን፣ በወርኃ ጽጌ ውስጥ የሚውል ነው። የፈቃዱን ጾም የያዘች እናት ብትሆንም እነዚህ ሁሉ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የሚሠሩ ስለሆኑ ከልጅ ልጆቿ ጋር መቅመስ ትችላለች።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከብስኩቱ ላይ አይደለም። በስደት አገር የሚያድግ ልጅ የቅድመ አያቱን ስም አያውቅም፤ መቃብራቸውንም አላየም። አያቱ የምትናገረውን ግማሹን አይሰማም፤ እሷም የእሱን ግማሹን አትሰማም። ሊጥ ሲታሽ ግን እጅ ለእጅ ይግባባል። ያን ጊዜ አያት «ይህችኛዋ ለአባቴ መታሰቢያ ናት፣ ስሙ እገሌ ይባል ነበር፣ በቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ መንደር ይሰማው ነበር» ብትል፣ ልጁ ስሙን ደግሞ ይጠራዋል። የነፍስ ዳቦው ይሰጥ የነበረውም ለዚሁ፣ ሙታንን ለማስታወስ ነበር።

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ቢባልም፣ በዚህ ነገር አስተማሪዋ አያት ናት። ዳቦውን ታውቀዋለች፤ የጎደላት የበዓሉ ስም ብቻ ነበር። ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ለልጆቹም ዕድሜ ይስጥልን።