ዐሥራትና ዐንሹር፦ የሐርጌሳ የቤት ግብር በቃላት ታሪክ

በሶማሊኛ «ዐንሹር» (በሌላ አጻጻፍ «ዐሹር») የግብር ሁሉ መጠሪያ ነው። የወደብ ቀረጥ፣ የገበያ ግብርና በሐርጌሳ በየዓመቱ የሚከፈለው የቤት ግብር በዚሁ አንድ ቃል ይጠራሉ። ቃሉ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን በመነሻው የምርትን ዐሥረኛ እጅ ያመለክታል፤ ስለዚህም የግእዙና የአማርኛው «ዐሥራት» የሥር ዘመድ ነው። በድምፅ ረገድ የዐረብኛው «ሽ» ከግእዙ «ሠ» ጋር የሚገጥም በመሆኑ፣ አማርኛ በአነጋገር ያጣቸው ዐይኑና ንጉሡ ሠ በዚህ ቃል አጻጻፍ ላይ የዘር ማስረጃ ሆነው ቀርተዋል። ልዩነቱ ግን ከድምፁ ይልቅ በሰሚው ዘንድ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ዐሥራት» ሲባል ቁጥሩን ይሰማል። ሶማሊኛ ተናጋሪ ዐሥርን የሚጠራው «ቶበን» ብሎ ስለሆነ በ«ዐንሹር» ውስጥ ምንም ቁጥር አይሰማም። ቃሉ ከእህል ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ጣሪያ ያለ እንቅፋት የተሻገረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሰዎቹ ግን ያለ እንቅፋት አልተሻገሩም። የብሪታንያ አስተዳደር በ1922 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሶማሊላንድ ሕዝብ ላይ ግብር ለመጣል ሲሞክር በቡርዖ ከተማ ሁከት ተነሣ፤ የአውራጃው አስተዳዳሪ ካፒቴን አለን ጊብ በየካቲት ወር ተገደለ። ግብሩም ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ስለ ግብር የሚነሣ ወግ ሁሉ ቡርዖን ሳይጠቅስ አያልፍም።

ሐርጌሳ የግዛቱ ዋና ከተማ የሆነችው በ1941 ነው። ከነጻነት በኋላ የተከማቸውን የከተማ ሀብት የ1988ቱ ጦርነት አወደመው፤ ከተማይቱ በገዛ አገሯ መንግሥት አውሮፕላንና መድፍ ተደብድባ ነዋሪዋ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ከ1991 በኋላ የተመለሰው ሕዝብ ቤቱን የሠራው መዝገብ ሳይጠብቅ ነው። የከተማው ማዘጋጃ ቤት (በሶማሊኛ «ደውለደ ሆሴ»፣ ቃል በቃል «የታችኛው መንግሥት») ቤቶችን ለመቁጠር የበቃው በ2004 ገደማ ከተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ጋር በጀመረው ሥራ ነው። ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ የየቤቱ ስፋት ተለካ፤ ከላይ የማይታየውን ደግሞ መዝጋቢዎች በየሰፈሩ በእግር እየዞሩ አሟሉት። አማርኛችን «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» የሚለው ሐረግ ይህን አሠራር ሳያውቅ ገልጾታል፦ ጣሪያው ለሳተላይቱ፣ ግድግዳው ለመዝጋቢው።

የዚህ መዝገብ ዐይነተኛ ጠባይ ዋጋን አለመጠየቁ ነው። የቤት ሽያጭ በማይመዘገብበት ከተማ የገበያ ዋጋን ማረጋገጥ አዳጋች ስለሆነ፣ ግብሩ በስፋትና በሰፈር ደረጃ ላይ እንዲቆም ተደረገ። ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ በመሐል ከተማ ሌላው በዳር ስለሚገኝ ብቻ የተለያየ ግብር ሊጣልባቸው ይችላል። ስለዚህ ቅር የተሰኘ ባለቤት «ቤቴ ይህን ያህል አያወጣም» ብሎ መከራከር አያዋጣውም። ክርክሩ ሊነሣ የሚችለው በልኬቱ፣ በደረጃው፣ ወይም በስሙ የተመዘገበው ቤት የእርሱ ባለመሆኑ ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤቶቹ የሚሠሩበት ሕግ በሶማሊኛ «ሔር» ይባላል፤ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር የሚዳኙበት ያልተጻፈ የጎሣ ቃል ኪዳንም «ሔር» ነው። ባለቤቱ የትኛውን «ሔር» ይዞ እንደመጣ ቃሉ ብቻውን አይነግረንም።

የልኬትና የደረጃ ክርክር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1892 የደነገጉት ዐሥራት በ1967 በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ፣ የጎጃም ገበሬ በ1968 ያመፀው ከተጠየቀው ብር ይልቅ ገማቹን ፈርቶ ነው። ማሳው ዛሬ ተገምቶ ሲጻፍ ነገ ርስቱ እንደሚነካ ጠረጠረ። በሌሎች ክፍላተ ሀገር መሬት በቀላድ ተለክቶ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ሲመደብ የሆነውን ያውቅ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ በሶማሊኛ «ቀለድ» ማለት ስሕተት ማለት ነው። ከዐረብኛ የመጣ በመሆኑ ከመለኪያው ገመድ ጋር ዝምድና የለውም፤ የጎጃም ገበሬ ቢሰማው ግን ዝምድና ሊያበጅለት ይችል ነበር።)

ይህ ሁሉ ዛሬ የተርጓሚ ጉዳይ ሆኗል። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2025 ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መሠረቱ ስፋት ሳይሆን የዋጋ ግምት ነው፤ በጅግጅጋና በድሬዳዋ ለሶማሊኛ ተናጋሪ ባለቤቶች መድረሱም አይቀርም። ለ«ግምት» ቅርብ የሚመስለው ቃል «ቂመይን» ነው፤ ከ«ቂሞ» (ዋጋ) የወጣ በመሆኑ ለዚህ አዋጅ ይገጥማል። ሆኖም ከሐርጌሳ ዘመዱ ጋር የሚነጋገር የጅግጅጋ ሰው የግብር ክርክር ማለት የሜትር ክርክር መሆኑን ሰምቶ ሊመጣ ይችላል። ቤቱን አስለክቶ፣ ስፋቱ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው የዋጋው ግምት ሊታረም እንደሚችል ሳያውቅ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚከብደው «ይግባኝ» ነው። ቃሉ ከ«ገባ» የወጣ፣ «-ኝ»ን የተሸከመ የትእዛዝ ግሥ ነው፤ ተሟጋቹ በዳኛ ፊት ቆሞ ስለ ራሱ የሚናገረው ሙሉ ዐረፍተ ነገር በስምነት የረጋ ነው። ሶማሊኛ ሁለት ቃላት ያቀርባል፦ «ዐበሾ» ማንኛውም አቤቱታ ሲሆን «ረዕፋን» በፍርድ ቤት የሚቀርብ ይግባኝ ነው። ግብር ጣዩ መሥሪያ ቤት ራሱ የሚመለከተው ቅሬታ «ዐበሾ» ቢባል ይስማማኛል። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ለሚታየው ግን «ረዕፋን» እንጂ ሌላ ቃል አይበቃውም፤ በማስታወቂያው ላይ ሁለቱም «ዐበሾ» ተብለው ቢጻፉ፣ በመጀመሪያው ደጃፍ የተመለሰው ባለቤት ሁለተኛ ደጃፍ መኖሩን የሚያውቅበት ቃል አያገኝም።