ከጠርሙሱ ጀርባ ያለው ጠብ፦ ጥሩ የአይሪሽ ውስኪ እንዴት ይለያል?

ጁን 18 ቀን 1875 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማታ፣ በደብሊን ሊበርቲስ በሚባለው ሰፈር አንድ የመጠጥ መጋዘን ተቃጠለ። በርሜሎቹ ፈነዱና የሚነድ ውስኪ እንደ ጎርፍ በመንገድ ላይ ፈሰሰ። ሰው በኮፍያው፣ በጫማው ሳይቀር እየቀዳ ይጠጣ ጀመር። 13 ሰዎች ሞቱ። አንዳቸውንም ግን የገደላቸው እሳቱ አልነበረም፤ ሁሉም የሞቱት በአልኮል መመረዝ ነው። በርሜል ውስጥ ያለ ውስኪ ገና በውሃ ስላልቀጠነ ሱቅ ከምናየው በጣም ይበረታል። ጠርሙስ ላይ «40%» የሚለው ቁጥር ውሃ ከተጨመረበት በኋላ ያለውን መጠን ነው የሚነግረን።

እንግዲህ ጠርሙሱ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ይህን ያህል ካወራች፣ ሌሎቹ ቃላትስ? «ጥሩው የትኛው ነው?» ብትሉት ሻጩ ውዱን ሊያሳያችሁ ይችላል። ታሪክ ግን የተሻለ መልስ አለው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። «ውስኪ» የሚለው ስም የመጣው በአይሪሽ ቋንቋ «የሕይወት ውሃ» ከሚል አባባል ነው። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መሠረቱን ያውቀዋል። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፣ ውሃ ደግሞ በ100። ድፍድፉ ሲሞቅ የሚነሳው እንፋሎት አልኮል ይበዛበታል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ መጠጥ ሆኖ ይወርዳል። አየርላንዶች ይህን የሚሠሩት በትልልቅ የመዳብ ማሰሮዎች ነበር።

በ1785 መንግሥት ብቅል ላይ ታክስ ጣለ። ጠማቂዎቹ ምን አደረጉ? ብቅሉን ቀነሱና ያልበቀለ ገብስ በብዛት ቀላቀሉበት። ታክስ ለመቀነስ ተብሎ የተስፋፋው ይህ ድብልቅ ወፈር ያለና ቅመም ቅመም የሚል ጣዕም ሰጠ፤ ታክሱ ካለፈ በኋላም ሰዉ አልተወውም። ዛሬ ጠርሙስ ላይ «ፖት ስቲል» የሚል ስታዩ የዚያ ታክስ ልጅ ነው።

ከዚያ ኢኒያስ ኮፊ መጣ። ሰውየው የኤክሳይዝ ታክስ ሹም የነበረ አየርላንዳዊ ነው። በ1830 አዲስ ማሽን የፈጠራ መብት አወጣ። ማሰሮ ይሞላል፣ ይፈላል፣ ይጸዳል፣ እንደገና ይሞላል። የኮፊ ማሽን ግን ረጅም ዓምድ ነው፤ ከላይ ድፍድፉ ይወርዳል፣ ከታች እንፋሎት ይወጣል፣ ሥራው አይቋረጥም። ርካሽና ፈጣን ሆነ። ችግሩ፣ አልኮሉን በጣም ስለሚያጠራው አብዛኛው ጣዕም አብሮ ይሄዳል።

የደብሊን ትልልቅ ጠማቂዎች «ይሄ ውስኪ አይደለም!» አሉ። ስኮትላንዶች ግን ማሽኑን ተቀበሉ፤ ከዓምዱ የወጣውን ከማሰሮ ከወጣው ጋር እየቀላቀሉ ለዓለም ሸጡ። ክርክሩ እስከ መንግሥት ኮሚሽን ደረሰ፤ በ1909 «ሁለቱም ውስኪ ናቸው» ተብሎ ተወሰነ። ደብሊን ተሸነፈች። በዚያ ላይ ጦርነት፣ ከእንግሊዝ ጋር የተነሳ የንግድ ጠብ፣ እንዲሁም ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ መጠጥ መከልከሏ ተደራረቡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመላው ደሴት የቀሩት ማምረቻዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ደቡብ ላይ ሚድልተን፣ ሰሜን ላይ ቡሽሚልስ።

ታዲያ ማን ነበር ልክ? ደብሊኖች ስለ ጣዕሙ ልክ ነበሩ፤ ስለ ገበያው ግን ተሳስተዋል። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው የአይሪሽ ውስኪ «ብሌንድድ» ነው፤ ማለትም የማሰሮውና የኮፊ ዓምድ መጠጥ አንድ ላይ። ሁለቱ ጠበኞች በአንድ ጠርሙስ ታርቀዋል ማለት ነው።

አሁን ጠርሙሱን ማንበብ እንችላለን። «ብሌንድድ» ለስለስና ቀለል ይላል። «ሲንግል ፖት ስቲል» ብቅልና ያልበቀለ ገብስ የተደባለቁበት፣ በማሰሮ የወጣ ነው። «ሲንግል ሞልት» ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ነው። «ሲንግል» ማለት ከአንድ ማምረቻ የመጣ ማለት እንጂ ከአንድ በርሜል ማለት አይደለም። በሕጉ መሠረት አይሪሽ ለመባል እዚያው ደሴት ላይ ቢያንስ ሦስት ዓመት በእንጨት በርሜል መቆየት አለበት። «12 ዓመት» የሚል ካያችሁ፣ ከተቀላቀሉት ውስጥ የመጨረሻው ትንሽ 12 ዓመቱ ነው። ብዙዎች «የአይሪሽ ውስኪ ሦስቴ ካልተጣራ አይሆንም» ይላሉ፤ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ነው፤ እንጨቱ ቀለምና ጣዕም ይሰጠዋል። ጠርሙስ ከገባ በኋላ ግን ዕድሜው እዚያው ይቆማል። ስለዚህ የአጎታችሁ ቁም ሳጥን ላይ 20 ዓመት የተቀመጠው ባለ 12 ዓመት ውስኪ፣ አጎታችሁ ምንም ቢሉ፣ ዛሬም የ12 ዓመት ነው።