የጠርሙሱ ሎሚ ከመርከብ የወረደ ነው

ዳላስ ውስጥ ኮክቴል መቀላቀል እንጀራዬ ነው። ቤታቸው ማርጋሪታ ሊሠሩ የሚነሱ ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ልግዛ ወይስ ልጭመቅ?» እኔም አስቀድሜ የጠርሙሱን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከበሽታ ነው። ወራት ባሕር ላይ የሚከርሙ መርከበኞች ድዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ፣ የሻረ ቁስላቸው እያመረቀዘ በስከርቪ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሳልዝበሪ በተባለች መርከብ ላይ 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ ስድስት ዓይነት ፈውስ ሞከረባቸው። ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሁሉም ፈጥነው አገገሙ። እንዲያም ሆኖ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂን በደንብ ማደል የጀመረው በ1795 ነው። በእነዚያ 48 ዓመታት መካከል ያለቁትን ሳስብ ዛሬም አንጀቴን ይበላኛል።

ጭማቂ ደግሞ ይበላሻል። ቀድሞ አልኮል እየጨመሩ ያቆዩት ነበር። በ1867 በስኮትላንድ የሊዝ ወደብ ነጋዴ የነበረው ላክሊን ሮዝ በስኳር የማቆያ ዘዴ አገኘና በስሙ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግም የእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ጭማቂ እንዲይዙ አስገደደ። ዛሬ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የምናየው ጠርሙስ ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። በዚያ ክፍለ ዘመን የባሕር ኃይሉ የሜዲትራኒያንን ትልቅ ቢጫ ሎሚ ትቶ ወደ ካሪቢያን ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ዞሮ ነበር። በ1918 ሃሪየት ቺክና የለንደኑ ሊስተር ተቋም ባልደረቦቿ ሲመረምሩት፣ ትኩሱ የአረንጓዴው ሎሚ ጭማቂ እንኳ የቢጫውን አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ይፈውሳል፤ ታሽጎ የከረመውማ ከናካቴው የማይረባ ሆኖ ተገኘ።

ማርጋሪታ ግን ያደገችው ሎሚ ከዛፉ በሚቀጠፍበት አገር፣ በሜክሲኮ ነው። ቴኪላዋም የሚጠመቀው የቃጫ ዘመድ ከሆነው ከሰማያዊ አጋቬ ነው። ፈጠርኳት ባይዋ ብዙ ነው፤ በቲዋና አቅራቢያ ምግብ ቤት የነበረው ካርሎስ ኤሬራም፣ በአካፑልኮ ቤቷ እንግዳ ትቀበል የነበረችው ማርጋሪታ ሴምስም የእኔ ናት ብለዋል። ለእኔ ከዚያ ክርክር ይልቅ ቁም ነገሩ፣ ኤስኳየር መጽሔት በ1953 ባተመው አሠራር ላይ የተጻፈው የግማሽ ሎሚ ጭማቂ መሆኑ ነው።

እዚሁ ዳላስ በ1971 ማሪያኖ ማርቲኔዝ ምግብ ቤት ሲከፍት የማርጋሪታው ፈላጊ በዛ፤ ቀላቃዮቹም ሎሚ መቁረጥ ሰለቻቸው። እሱም የአይስክሬም ማሽን ለውጦ በረዶ ማርጋሪታ ያወጣ ጀመር። ማሽኑ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። ብልሃቱን አከብራለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሎሚ የጨመቀ ሰው ክንዱ ምን እንደሚሆን አውቃለሁና።

ቤት ውስጥ ግን እንግዳችሁ ቢበዛ አምስት ስድስት ነው። የታሸገው ጭማቂ እንዲቆይ ሲባል የሎሚው መዓዛ ይሞታል፤ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል። በአገራችን ገበያ የሚሸጠው ትንሹ፣ ልጡ ስስ ሎሚ ደግሞ ከሜክሲኮው ጋር አንድ ዝርያ ነው። ስለዚህ 60 ሚሊ ሊትር ቴኪላ፣ 30 ትሪፕል ሴክ የተባለ የብርቱካን ሊኬር፣ 30 የሎሚ ጭማቂ ከበረዶ ጋር በደንብ ናጡ፤ የብርጭቆውን አፍ በሎሚ አርሳችሁ ጨው አስነኩት። ሎሚውን እንግዶቻችሁ ሲደርሱ ጭመቁ እንጂ ለነገ አታሳድሩት።