ሚዛኑ ያልመዘነው እጅ፦ የዳቦና የጌጥ ታሪክ በእናቶቻችን ቤት



ባለፈው ዓመት የሂሳብ መዝጊያ ላይ የዳቦ ቡድናችንና የጌጣጌጥ ቡድናችን መዝገብ ጎን ለጎን ቀርቦ ነበር። ዳቦው በየሳምንቱ ገንዘብ ያስገባል። ጌጡ ግን አንዳንድ ወር የዶቃና የሽቦ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ስለዚህም "ጌጡን ትተን ሁላችንም ወደ ዳቦው እንግባ" የሚል ሐሳብ ተነሣ። ወደ ድምፅ ከመሄዳችን በፊት ግን አንዲት እናት አባላችን፣ "እናቶቻችን ሁለቱንም ይዘው ነው የኖሩት፤ እንዴት እንደያዙት ሳትጠይቁ አትዝጉት" አሉ። ነገሩ እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲቆይ ተወሰነ። መዝገቡን የምንይዘው እኛ ነንና የመጠየቁ ሥራም በእኛ ላይ ወደቀ። ያገኘነውን እነሆ።

ከጌጡ እንጀምር። የእናቶቻችን የብር ጌጥ በአብዛኛው ከገንዘብ የተሠራ ነው። ሴት አያቶቻችን "ጠገራ ብር" ወይም "ማርትሬዛ" የሚሉት ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ገንዘቡ ግን ከዚያም በኋላ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ። በቀይ ባሕር በኩል በንግድ እየገባ በአገራችን ትልቁ መገበያያ ሆነ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ስናሰላው ከአንዱ ጠገራ ከ23 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ንጹሕ ብር ይገኛል ማለት ነው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም ክብደቱ የዚሁ የጠገራ ያህል ነው።

ገበያተኛው ጠገራን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። እያገላበጠ ያያል። በንግሥቲቱ ራስና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን ይመረምራል፤ የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል። ገንዘቡ የሚታመነው በላዩ ባለው ጌጥ ነበር።

ለአንዲት ባለቤት ጠገራ ሲተርፋት ወደ አንጥረኛ ትወስደዋለች። እሱም አቅልጦ ድሪ፣ አምባር፣ አልቦ፣ ጉትቻ ወይም የአንገት መስቀል ያደርገዋል። አንዳንዷ ደግሞ ሳታስቀልጠው ማንጠልጠያ አስበይዳ እንዳለ በአንገቷ ታደርገዋለች። ባንክ በአቅራቢያ በሌለበት ዘመን የሴት ቁጠባ ይህ ነበር። በበዓል ቀን ያጌጠችበት በክፉ ቀን ተመዝኖ ይሸጣል፤ እህል ይሆናል፤ ልጅ ያሳድጋል።

አንጥረኛው የሚሠራው እንዲህ ነው። የጌጡን ቅርጽ በመጀመሪያ በሰም ያወጣል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ ብር ይፈስስበታል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። ከአንድ ጭቃ አንድ ጌጥ ብቻ ይወጣል፤ ሁለተኛ የፈለገ እንደገና ከሰሙ ይጀምራል። ይህን ሁሉ ጥበብ ይዞ ግን የእጅ ባለሙያው ክብር አልነበረውም። ብረት ቀጥቃጩም፣ አንጥረኛውም፣ ሸክላ ሠሪዋም "ቡዳ" እየተባሉ ይሸሹ ነበር። በብዙ ቦታ ርስት አያገኙም፤ ከእነሱ ጋር መጋባትም ነውር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የበዛ ስለነበር ነው።

ዳቦውም ከዚሁ ታሪክ አይርቅም፤ የሚጋገርበት የሸክላ ምጣድ እንደ ጌጡ ሁሉ የእነዚያው የተናቁ እጆች ሥራ ነውና። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ እዚያም ቤተሰቦቻቸው ለሰንበት ዳቦ መጋገሩን አልተዉም።

ድፎ ዳቦ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሊጡ ከበፊቱ በቀረ እርሾ ይቦካል። ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይፈስስበታል፤ በኮባ ይሸፈናል፤ ከተከደነ በኋላ በክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። እሳት ከታች፣ እሳት ከላይ ነው። ነሐሴ 13 ለቡሄ ሙልሙል ይጋገራል፤ ሆያ ሆዬ ለሚሉት ልጆች ይሰጣል። የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ስንዴው በድንጋይ ወፍጮ መፈጨት ነበረበት። ጎንበስ ብላ የምትፈጨው ሴቷ ናት።

የትግራይና የኤርትራ እናቶች ሕምባሻ፣ እኛ አምባሻ የምንለው ዳቦ ግን ለዚህ ጽሑፍ የተለየ ነገር አለው። ሊጡ ክብ ሆኖ ከተዘረጋ በኋላ በቢላዋ ጫፍ ይነቀሳል። ከመሐል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር መስመር ይወጣል፤ በመስመሮቹ መካከል ቅጠል የሚመስል ወይም ነጠብጣብ ይገባል። ሲበስል በዚያው መስመር ይቆረሳል። ያ ሁሉ ጌጥ በአንድ ማዕድ ያልቃል፤ ነገም እንደገና ይነቀሳል።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ ጠገራ ከመገበያያነት ወረደ። "ብር" የሚለው የማዕድኑ ስም ግን እስከ ዛሬ የገንዘባችን ስም ነው። ከገበያ የወረደው ጠገራ ለጌጥ ሆነ፤ ብዙው የእናቶቻችን ጌጥም ቀስ በቀስ ወደ ሱቅ ሄዶ በክብደት ተሸጠ። ዳቦውም ከቤት ወደ ዳቦ ቤት ወጣ። "ፉርኖ" የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ምድጃ ማለት ነው፤ "ቦምቦሊኖ"ም ከዚያው ቋንቋ ነው።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየን። ጌጡ ሲሸጥ ሚዛን ላይ የሚወጣው ብሩ ብቻ ነው። በሰም ቅርጽ ሲያወጣ የዋለው እጅ አይመዘንም። ዳቦው ሲሸጥም የሚቆጠረው ዱቄቱና ማገዶው ነው። የፈጨው ክንድ፣ ያቦካው እጅ፣ ጭስ ላይ የቆመው ዓይን አይቆጠርም።

ወደ ራሳችን መዝገብ ስንመለስ አንገታችንን ደፋን። በዳቦው በኩል ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይትና ከሰል ጽፈናል። በጌጡ በኩል ዶቃ፣ ሽቦና ክር ጽፈናል። የእጅ ሥራ የሚል መስመር በሁለቱም የለም። ያንን መስመር ጨምረን የሦስት ወሩን ሂሳብ እንደገና ስንሠራ፣ የዳቦ ትርፍ ብለን ያቀረብንላችሁ አብዛኛው ገንዘብ ያልተከፈለ የአባሎቻችን ጉልበት ሆኖ ተገኘ። ስህተቱ የጋጋሪዎቹ ሳይሆን የእኛ፣ የሂሳብ ያዦቹ ነው። ስለዚህ "የትኛው ቡድን ከሰረ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ በትክክል የተጠየቀ አልነበረም።

ሁለተኛም ያየነው አለ። ሊጥ እስኪነሣ ሰዓታት ይፈጃል። እናቶቻችን በዚያ ሰዓት ጥጥ ይፈትሉ ነበር እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም ነበር። የዳቦ ቡድናችን ግን ሊጡን እየጠበቀ ይቀመጣል። ጌጡን ብንዘጋው ያ ሰዓት ባዶውን ይቀራል፤ የጌጥ ሥራው በዚያ ሰዓት ቢሠራ ግን ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

ጌጡ ለምን አልሸጥ አለ ለሚለውም መልሱ ከዳቦው ጎን ተገኘ። ስንሠራ የቆየነው በሱቅ ያየነውን ከውጭ የመጣ ጌጥ እየቀዳን ነው። ፋብሪካ በብዛት ከሚያወጣው ጋር በዋጋ መወዳደር አንችልም። አንድ ቅዳሜ ግን እኚያው እናታችን አምባሻ ሲነቅሱ፣ ከጌጥ ቡድኑ አንዷ ልጃችን ምጣድ ላይ ሳይወጣ በወረቀት ቀዳችው። ለብር አቅም የለንምና በነሐስ የጆሮ ጌጥ አድርጋ ሠራችው። እሳቸውም አገላብጠው አዩትና፣ "ይኼ እንኳ የኔ እጅ ነው" አሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ተሸጠዋል፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ግን ገና ብዙ አንመካበትም።

ስለዚህ ሐሳብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የመሶቡ ስፌት፣ የቀሚሱ ጥለት፣ የአያቶቻችን የብር ጆሮ ኩክ ማውጫ፣ የአምባሻው ፊት ሁሉም በየቤታችን አሉ። የመስቀልና የጠልሰም ቅርጽ ግን ለባለቤቶቹ ትርጉም ያለው ነውና ሳንጠይቅ አንቅዳ።

ለሚቀጥለው ጉባኤ የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለቱም ቡድኖች ለአንድ ዓመት ይቀጥሉ። ሁለተኛ፣ የእጅ ሥራ ሰዓት በመዝገቡም በዋጋውም ይግባ፤ የዳቦው ዋጋ በጥቂቱ ይጨምራልና ደንበኞቻችንም ደጋፊዎቻችንም ምክንያቱን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ጌጥ ወረቀት ላይ የሠራችው አባል ስም ይጻፍ። በአያቶቻችን አምባር ላይ የሠራው ሰው ስም የለም፤ የእኛ እንዲያ አይሁን።

ለጉባኤው ስትመጡ በቤታችሁ ያለ የቆየ ጌጥ ካለ ይዛችሁ ኑ። የጌጥ ቡድኑ ቅርጹን በወረቀት ሥሎ እዚያው ይመልስላችኋል።