ሰፌድ፣ ውሃ፣ ብርሃን

የምዕራብ ጎጃምን አውራ ጎዳና የሚያውቅ ሰው «ሃይላንድ!» የሚለውን ጩኸትም ያውቀዋል። ከደንበጫ እስከ ቡሬ መኪና ባለፈ ቁጥር እረኛ ልጆች እየሮጡ ይጠይቁ የነበረው ውሃውን ሳይሆን ባዶውን ጠርሙስ ነው። ሃይላንድ ከቀደሙት የታሸጉ ውሃዎች የአንዱ የንግድ ስም ነበር። ስሙ ግን ከድርጅቱ አምልጦ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ «ማዳበሪያ አለህ?» የሚል ሰውም ሁልጊዜ ዩሪያ ፈልጎ አይደለም፤ በርበሬውን የሚከትበት ጆንያ ፈልጎ ሊሆን ይችላል።

እኛ ከተሜዎቹ በዚህ አጠራር ፈገግ እንላለን፤ ራሳችንም ግን እንደዚያው ነን። ዕቃን የምንጠራው በያዘው ነገር ወይም በተለጠፈበት ስም ነው። እስኪያረጅ ድረስ ይህ ይበቃል። ጆንያው ታጥቦ እህል ይያዝበታል፤ ሲቀደድ ይሰፋል። ሃይላንዱ ላምባም፣ ዘይትም፣ አረቄም ይቀዳበታል። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው ጨርሶ ሲያልቅና ቀልጦ ሌላ ነገር ይሁን ሲባል ነው።

ጠርሙሱ ፔት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እሱ ከ130 እስከ 170 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል። ጆንያው የተሸመነው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የውስጥ ሽፋን ካለው ደግሞ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ፖሊኢትሊን ነው። የመብራት ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ ፒቪሲ ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ከፔት ጋር አብሮ ቢቀልጥ አሲድ ለቆ ሁሉንም ያበላሸዋል። ሳይለይ የቀለጠ ፕላስቲክ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። የዳግም ምርት ታሪክ እንግዲህ በአብዛኛው የመለየት ታሪክ ነው።

ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከቆሻሻ መጣያ ሳይሆን ከጎተራ ነው። እናቶቻችን በሰፌድ ላይ በዓይናቸውና በጣታቸው የሚሠሩትን ለቀማ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የብርሃን ዓይን የተገጠመለት ማሽን ሞከረው፤ የተበላሸ ቦሎቄን ከደህናው በቀለሙ መለየት ጀመረ። በ1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሶርቴክስ በዚሁ ሥራ ተሰማራ። ዛሬ ሰሊጥና ቡና ላኪዎቻችን «ከለር ሶርተር» የሚሉት ማሽን የእነዚያ ዝርያ ነው።

ቀለም ብቻውን ግን ያታልላል። ነጭ ፔትና ነጭ ፒቪሲ ለዓይን አንድ ናቸው። የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ማዶ የማይታይ ብርሃን እንዳለ ዊልያም ኸርሸል በ1800 እ.ኤ.አ. በቴርሞሜትር ደርሶበት ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የቤልትስቪል ጣቢያ ካርል ኖሪስ የሚባል መሐንዲስ ይህንኑ ብርሃን እህል ላይ እያበራ እርጥበቱን መለካት ቻለ። እያንዳንዱ ቁስ ከብርሃኑ የራሱን ክፍል ይውጣል፤ የቀረውን ይመልሳል። የተመለሰውን ያነበበ ሰው ቁሱ ምን እንደሆነ ያውቃል። ናሳ በ1987 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ላይ ሆኖ ምድርን በ224 የብርሃን ክፍሎች የሚያነሳ ካሜራ ሥራ ላይ አዋለ። በዚህ ዓይነቱ ምስል ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ የቁሱን መታወቂያ ይዟል።

ይህ ዕውቀት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ቆሻሻ ፋብሪካ ገባ። ፕላስቲኩ በፈጣን ቀበቶ ላይ ሲያልፍ መብራት ይበራበታል፤ ካሜራው የተመለሰውን ብርሃን ያነባል፤ ከቀበቶው ጫፍ ላይ የአየር ፉጨት የተፈለገውን መርጦ ይገፋዋል። ልብ በሉ፤ ማሽኑን የጠራው ሕግ ነው። ጀርመን በ1991 እ.ኤ.አ. ማሸጊያን የሚያመርትና የሚሸጥ ሁሉ መልሶ የመሰብሰብ ኃላፊነት አለበት ስትል፣ የተሰበሰበውን የሚለይ ማሽን ገበያ አገኘ።

በእኛ አገር ይህን ሥራ የያዘው ሰው ነው። «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ስሙን አገኘ የሚባለው ቆራሌ ከየሰፈሩ ይሰበስባል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይለያል፣ ይቀጠቅጣል፣ ይሸጣል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤተሰብ ዳግም ጥቅም የሚሰጠውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ግን፣ ከቆሻሻው እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎችም ነበሩባቸው። ቤታችን ውስጥ ያልለየነውን እነሱ ክምሩ ላይ ወጥተው ይለዩልን ነበር።

ምዕራብ ጎጃም ደግሞ ከምናለሽ ተራ 400 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል። ባዶ ጠርሙስ ቀላልና ሰፊ ስለሆነ የጭነት ዋጋውን አይሸፍንም። ስለዚህ ይቃጠላል፣ ወይም ማሳ ውስጥ ይቀራል። ፌስታሉን ከብት ይበላዋል። ማዳበሪያ በጆንያ ወደ ገጠር ይገባል፤ ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርት የታቀደ ነው። ዘይት በፕላስቲክ ይሸጣል፤ ባዶውን ማን እንደሚመልሰው ግን የተቆረጠ ነገር የለም።

ታዲያ ለቡሬ ያ ካሜራ ይምጣላት? ከዚያ በፊት የሚሠራ አለ። ስንዴ ሲታጠብ ገለባው ይንሳፈፋል፣ ፍሬው ይዘቅጣል። ጠርሙስ ከነክዳኑ ተከትፎ ውሃ ውስጥ ሲገባም ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ፔቱ ይዘቅጣል። ይህን አንድ በርሜልና ሁለት ወጣት ይሠሩታል፤ የተከተፈው ደግሞ በጆንያ ተጠቅጥቆ ስለሚጫን መንገዱን ይችላል። ውሃም ድክመት አለው፤ ፒቪሲም እንደ ፔት ይዘቅጣል። ብርሃን የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። ብርሃንም ቢሆን በካርቦን የጠቆረ ፕላስቲክን አያይም፤ ካርቦኑ ሁሉን ስለሚውጠው ለካሜራው የሚመለስ ነገር የለም። እዚህ ላይ የለመደ የቆራሌ እጅ ይበልጠዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የሰው እጅ፣ ውሃ፣ ከዚያ ብርሃን ነው። የመጀመሪያው እጅ ካልተከፈለው ሌሎቹ የሚለዩት ነገር አያገኙም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ለአንድ ጊዜ የሚያገለግል የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክሏል፤ ጠርሙሱና ጆንያው ግን አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። የሚያሽገው ድርጅት ለባዶው ዕቃ ጥቂት ሳንቲም ቢመድብ፣ ያ «ሃይላንድ!» እያለ የሚሮጥ ልጅ የሚለቅመው ጠርሙስ ሸማች ያገኛል። እናንተስ፣ ሳንቲሙን ማን ይክፈል ትላላችሁ?