የኢፉጋዎ እርከኖች ዕድሜ

በፊሊፒንስ ሰሜን፣ በሉዞን ደሴት ተራሮች መካከል የሚገኘው የኢፉጋዎ ጠቅላይ ግዛት ራሱን የቻለው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ነው። ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን ሕዝቡ በገደል ላይ የሠራው የሩዝ እርከን ነው። ባርተንና ቤየር የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዕድሜውን 2000 ዓመትና ከዚያ በላይ አደረጉት፤ ይህም በቍፋሮ የተገኘ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ተራራ ለማረስ ስንት ዘመን ይፈጃል ከሚል ግምት የመጣ ነበር።

ከ2012 ወዲህ ስቴፈን አካባዶና ባልደረቦቹ በጥንቱ የኪያንጋን መንደር የቈፈሩት መሬት ሌላ ነገር መሰከረ። በዚያ የሩዝ እርሻ የተስፋፋው ከ1650 ገደማ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚተከለው ጎደሬ ነበር። ዘመኑም ስፔናውያን በታችኛው የማጋት ሸለቆ ከገፉበት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ እርከኑ ከታሪክ ተገልሎ የኖረ ሕዝብ ቅርስ ሳይሆን፣ ለባዕድ ገዢ አልገብርም ብሎ ደጋውን የያዘ ሕዝብ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ሩዝ የድግስና የማዕርግ እህል በመሆኑም፣ እርሻው ሆድን ብቻ ሳይሆን ማኅበሩንም አጽንቷል። ዕድሜው ሲያጥር ክብሩ የሚቀንስ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ በእኔ አስተያየት ግን በጥቂት ትውልድ ይህን ማነጽ ይበልጥ ያስደንቃል። ዩኔስኮ በ1995 በዓለም ቅርስነት ለመዘገበው ለዚህ ሥፍራ የሚሰጠው መግለጫ ግን የድሮውን 2000 ዓመት ይዟል።